ከመፈረማችን በፊት፦ የልጆቻችንን የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ስለ ማወቅ

በዚህ እትም ልናነሣው የወደድነው ርእስ ከአንዳንድ ወላጆች ጋር በምናደርገው ውይይት ደጋግሞ የሚገጥመን ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናኖቻችን ልጃቸው በትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ወይም በንግግሩ፣ በመስማቱ፣ በጠባዩ ከእኩዮቹ የተለየ ነገር ሲታይበት፣ ከትምህርት ቤቱ የስብሰባ ጥሪ ይደርሳቸዋል። እናት ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ አባት የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሳይተኛ ይሄዳሉ። ከጠረጴዛው ማዶ አምስት ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ይናገራሉ፤ ሃያ ገጽ ያህል ጽሑፍም በወላጆቹ ፊት ይቀርባል። ጽሑፉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይነበባል፣ ይብራራል፤ በመጨረሻም «ጥያቄ አላችሁ?» ይባላል። ወላጆቹም «የለንም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ይፈርማሉ። ቤታቸው ከደረሱ በኋላ ግን አንዱ ሌላውን «ለመሆኑ ምን አሉን?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ዝምታ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። ከመልካም አስተዳደግም የመጣ ነው። እኛ ባደግንበት አገር መምህር እንደ ሁለተኛ አባት ይከበራል፤ እርሱ ያለውን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ያደግን ሰዎች በባለሙያዎች ፊት አንገታችንን ደፍተን መቀመጥ አይከብደንም። በዚህም ላይ ብዙዎቻችን ወደዚያ ክፍል የምንገባው እንደ ደጅ ጠኚ ነው፤ ለልጃችን ትንሽ ርዳታ ቢያደርጉለት ውለታ እንደሚውሉልን አድርገን እናስበዋለን። ነገር ግን የአገሩ ሕግ ወላጅን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጠው እንደ ተመልካች ወይም እንደ ለማኝ አይደለም፤ ዕቅዱን ከሚያዘጋጁት ሰዎች እንደ አንዱ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት አይቆጠርም፤ እንደ ስምምነት ይቆጠራል። የዝምታው ዋጋ የሚከፈለውም በወላጁ ሳይሆን በልጁ ነው።

ለመሆኑ ይህ ጽሑፍ ምንድር ነው? በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «አይ ኢ ፒ» ተብሎ የሚጠራው ሲሆን፣ እኛ በዚህ ትምህርት የተናጠል የትምህርት ዕቅድ እንለዋለን። ለአንድ ልጅ ብቻ፣ በስሙ፣ እርሱ ባለበት ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ የሚጻፍ ነው። ምንጩም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ብዙ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች «የእኛ ትምህርት ቤት ለእርሱ አይሆንም» እየተባሉ ከበር ይመለሱ ነበር፤ ይህን ያስቀሩትም በአብዛኛው በየፍርድ ቤቱና በየምክር ቤቱ ደጋግመው የጮኹ ወላጆች ናቸው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1990 «አይዲያ» በሚለው ምህጻር የሚታወቀውን የዛሬውን ስሙን አገኘ፤ በ1997 እና በ2004 ደግሞ ተሻሻለ። ፍሬ ነገሩ አልተለወጠም፤ ይኸውም ጉዳት ያለበትና በዚህም የተነሣ ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ ሁሉ፣ ከ3 ዓመት ዕድሜው አንሥቶ እንደየግዛቱ ሕግ እስከ 21 ዓመት ድረስ፣ ለእርሱ የሚስማማ ትምህርት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። የወላጆች የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ ይህን መብት አያስቀረውም፤ ልጆች በዚህ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ወስኗል። ይህን ለይተን የጠቀስነው «ወረቀታችን እስኪስተካከል ድረስ ድምፃችንን አናሰማም» የሚሉ ወላጆች ስላሉ ነው።

ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ደግሞ ሌላ አገልግሎት አለ፤ ዕቅዱም የሚዘጋጀው ለመላው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ልጁ ሁለት ዓመት አልፎት ቃል የማያወጣ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» እያሉ መጠበቅ አያስፈልግም። ምናልባት እንደተባለው ይሆን ይሆናል፤ ማስመርመሩ ግን ልጁን አይጎዳውም፣ መዘግየቱ ግን ሊጎዳው ይችላል።

የነገሩ መጀመሪያ ምዘና ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወላጅም ሊጠይቅ ይችላል። ወላጅ ሲጠይቅ በጽሑፍ ቢያደርገው፣ ቀኑንም ጽፎ ቅጂውን ቢያስቀር ይሻላል፤ በኮሪደር ላይ ለመምህርቷ የተነገረ ነገር በማግሥቱ ሊረሳ ይችላልና። ትምህርት ቤቱ ወላጅ በጽሑፍ ሳይፈቅድ የመጀመሪያውን ምዘና ማድረግ አይችልም። ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ግን በ60 ቀናት ውስጥ፣ ወይም ግዛቱ የራሱን የጊዜ ገደብ ካወጣ በዚያ ገደብ ውስጥ፣ ምዘናውን መጨረስ አለበት። ልጁ ልዩ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ከተወሰነ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ ዕቅዱን የሚያዘጋጀው ስብሰባ ይጠራል።

እዚህ ላይ የእኛን ቤተሰቦች በተለይ የሚመለከት ነገር ስላለ ጥቂት እንቆይ። ከቤቱ አማርኛ እየተናገረ የመጣ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲፈተን ዝቅተኛ ውጤት ቢያገኝ፣ ያ ውጤት የቋንቋው ነው ወይስ የልጁ ችግር? ሕጉ የእንግሊዝኛ አለመቻል ብቻውን ልጅን ጉዳት እንዳለበት ለማስቆጠር ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ይናገራል፤ ምዘናውም የሚቻል እስከሆነ ድረስ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲደረግ ያዛል። እኛ ግን ከዚህ በተቃራኒ የሆነውንም ስሕተት እናያለን። እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ «እንግሊዝኛው ገና ነው፣ ጊዜ ስጡት» እየተባለ ሁለትና ሦስት ዓመት ያለ ድጋፍ ሲቀመጥ ይታያል። ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የተሻለ ምስክር ሊሆን የሚችለው ወላጅ ነው። ልጁ በአማርኛስ እንዴት ነው? ተረት ሲነገረው ይከታተላል? «ሂድና ከጓዳ ብርጭቆ አምጣ፣ በሩንም ዝጋ» ሲባል ሁለቱንም ይፈጽማል ወይስ አንደኛውን ብቻ? ታናሽ እኅቱ በእርሱ ዕድሜ ከነበረችበት ጋር ሲነጻጸር ምን ይመስላል? እነዚህን ነገሮች ከሰነዱ በፊት በወረቀት አስፍሮ መሄድ ከማንኛውም ፈተና ያላነሰ ዋጋ አለው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ምክር አንዳንድ ጊዜ ለወላጆች ይሰጣል፤ «ልጁ እንዳይደናገር በቤት እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩት» የሚል ነው። ኦቲዝም ባለባቸውም ሆነ በሌላ ምክንያት ንግግራቸው በዘገየ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ መስማት ችግሩን እንደሚያባብስ አላሳዩም። እናት በማትችለው ቋንቋ ከልጇ ጋር በጥቂት ቃላት ብቻ ከምታወራ፣ በምትችለው ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ብታወራው ይበልጥ ይጠቅመዋል። አያቱን ማነጋገር የማይችል ልጅ ማሳደግ በራሱ ጉዳት መሆኑን ደግሞ ለአንባቢ መንገር አያሻንም።

ሌላው እንቅፋት ኀፍረት ነው። «ስሙ በመዝገብ ላይ ከሰፈረ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል»፣ «ሰው ምን ይለናል» የሚል ስጋት ብዙ ወላጆች የምዘናውን ፈቃድ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ እንዲያስቀምጡት አድርጓል። የልጁ የትምህርት መዝገብ በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው። የክፍል ጓደኞቹ ወላጆችም ሆኑ የሰፈር ሰው ሊያዩት አይችሉም። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ እንዲቆዩ የሚደረጉ ልጆች እንደነበሩ፣ ዛሬም እንዳሉ እናውቃለን፤ የዚያ ልማድ ጥላ ባሕር ተሻግሮ መከተሉን ሳንሸሽግ መናገር ያለብን ይመስለናል።

አሁን ወደ ሰነዱ ወደ ራሱ እንግባ። ገጾቹ ብዙ ቢሆኑም ወላጅ በጥንቃቄ ሊያነብባቸው የሚገቡ ክፍሎች ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ልጁ አሁን ያለበት ደረጃ የተጻፈበት ነው። የዕቅዱ መሠረት ይህ ነው። እዚህ ላይ የተጻፈው ልጅ የእኛ ልጅ መስሎ ካልታየን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለሌላ ልጅ የተጻፈ ይሆናል። ወላጆች ብዙ ጊዜ በዚህ ገጽ ላይ ልጃቸው የማይችለው ነገር ብቻ ተዘርዝሮ ያገኛሉ። ልጁ ግን በሥዕል ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ መዝሙር አንድ ጊዜ ሰምቶ ሊይዝ ይችላል፤ ታናሹን ጫማ ሊያደርግለት ይችላል። ይህም እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም መምህሩ ልጁን የሚያስተምርበትን መንገድ የሚያገኘው ከሚችለው ነገር ተነሥቶ ነው። የወላጅ ስጋትና አስተያየትም በዕቅዱ ዝግጅት ውስጥ መታየት ስላለበት፣ የተናገርነው ነገር በጽሑፉ መግባቱን አይተን እናረጋግጥ።

ሁለተኛው ዓመታዊ ግቦቹ ናቸው። ሕጉ ግቦቹ ሊለኩ የሚችሉ እንዲሆኑ ያዛል። ምሳሌ እንስጥ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ማንበብ ይቸግረዋል እንበል። በዕቅዱ ላይ «ልጁ በንባብ መሻሻል ያሳያል» ተብሎ ቢጻፍ መልካም ምኞት ነው እንጂ ግብ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ተሻሽሏል ወይም አልተሻሻለም ብሎ ማንም ሊከራከርበት አይችልም። «ልጁ አሁን ከሁለተኛ ክፍል ምንባብ በአንድ ደቂቃ 22 ቃላት በትክክል ያነባል፤ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ አዲስ ምንባብ ሲሰጠው በደቂቃ 60 ቃላት ያነባል፤ መምህሩም በየሁለት ሳምንቱ ይለካዋል» ቢባል ግን ግብ ነው። ከየት እንደተነሣ፣ የት እንደሚደርስ፣ መቼና በምን እንደሚለካ ታውቋል። እንግሊዝኛ አጥርቶ የማይናገር ወላጅ እንኳ ጣቱን በግቡ ላይ አድርጎ «አሁን ስንት ነው? ስንት ይደርሳል? በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ስለ ልጁ እድገት ለወላጅ መቼ መቼ ሪፖርት እንደሚላክም በዕቅዱ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ባለፈው ዓመት ያልተደረሰበት ግብ በዚህ ዓመት ቃል በቃል ተገልብጦ ቢመጣስ? ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኮሎራዶ ግዛት ኦቲዝም ያለበት የአንድ ልጅ ወላጆች የልጃቸው ዕቅድ ከዓመት ዓመት በአብዛኛው ያንኑ ግብ እየደገመ መምጣቱን ተመልክተው ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደ ግል ትምህርት ቤት አዛወሩት፤ ወጪውም እንዲመለስላቸው ከሰሱ። የበታች ፍርድ ቤቶች ከምንም የተሻለ ጥቂት ጥቅም እስካገኘ ድረስ ይበቃዋል በሚል ፈረዱባቸው። ኤንድሩ ኤፍ. በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ዳኞቹ ያለ ልዩነት በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ የሆነ እድገት እንዲያሳይ ታስቦ የተዘጋጀ መሆን አለበት አሉ። ስለዚህ «ትንሽም ቢሆን እየተረዳ ነው» የሚል መልስ ሲሰጠን በዚያ ብቻ ረክተን መመለስ የለብንም።

ሦስተኛው የአገልግሎቶቹ ገጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሠንጠረዥ መልክ ይቀርባል። የንግግር ባለሙያ፣ የእጅ እንቅስቃሴና ራስን የመርዳት ሥልጠና፣ የልዩ ትምህርት መምህር፣ መጓጓዣ፣ ልጁ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ ይሰፍራል። እያንዳንዱ አገልግሎት መቼ እንደሚጀምር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ፣ የት ቦታ እንደሚሰጥ መገለጽ አለበት። «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ» የሚል ጽሑፍ ግልጽ ነው፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ጽሑፍ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ባለሙያው ሲታመም ወይም ሥራ ሲለቅ የቀረው ሰዓት እንዴት እንደሚካካስም አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው። በዕቅዱ ውስጥ ያልተጻፈ ተስፋ፣ ምንም በቅን ልብ ቢነገር፣ ተናጋሪው ሲዛወር አብሮ ይሄዳል።

አራተኛው ልጁ የሚማርበት ቦታ ነው። ሕጉ ልጁ በተቻለ መጠን ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች ጋር እንዲማር ይጠይቃል፤ ወደ ተለየ ክፍል የሚወሰደው በመደበኛው ክፍል ተጨማሪ ድጋፍ ተደርጎለት እንኳ ትምህርቱ የማይሳካ ሲሆን ነው። ለአንዳንድ ልጅ ትንሹ ክፍል ይሻለዋል፤ ይህን አንክድም። ጥያቄው «በመደበኛው ክፍል ምን ድጋፍ ተሞከረ?» የሚል መሆን አለበት።

በመጨረሻ በክፍልና በፈተና ጊዜ ስለሚደረጉ ማመቻቸቶች የሚናገር ክፍል አለ፤ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት፣ ከፊት ማስቀመጥ፣ ጥያቄውን አንብቦ ማሰማትና የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ ልጁ ያንኑ ትምህርት በሌላ መንገድ እንዲያገኝ ያደርጋሉ። የትምህርቱን ይዘት ራሱን ዝቅ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ ልጁ በሚያገኘው የምስክር ወረቀት ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላልና ወላጅ ልዩነቱን ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከትምህርት በኋላ ስለሚኖረው ሥራና ኑሮ የሚናገር ክፍል ይጨመራል። በአብዛኞቹ ግዛቶች 18 ዓመት ሲሞላው የወላጅ መብት ወደ ልጁ ስለሚተላለፍ፣ በራሱ መወሰን የሚቸግረው ልጅ ያላቸው ወላጆች ከዚያ ቀደም ብለው ምክር ሊጠይቁ ይገባል።

ስለ ስብሰባው አካሄድ ጥቂት እንበል። በሕግ ሊገኙ የሚገባቸው ወላጆች፣ ቢያንስ አንድ የመደበኛ ክፍል መምህር፣ አንድ የልዩ ትምህርት መምህር፣ የትምህርት ወረዳውን የሚወክልና ምን አገልግሎት እንዳለ የሚያውቅ ሰው፣ እንዲሁም የምዘናውን ውጤት ተርጉሞ ሊያስረዳ የሚችል ባለሙያ ናቸው። ወላጅ ደግሞ ልጁን የሚያውቅ ወይም በጉዳዩ እውቀት ያለው ሰው ይዞ የመምጣት መብት አለው። ካህን፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ ወይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ባይናገር እንኳ አጠገብ ሆኖ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው መኖሩ ወላጁን ያበረታዋል።

አስተርጓሚን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ ወላጁ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ የሚያስፈልገውን ሁሉ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብም በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ክፍያውም የወላጅ አይደለም። ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል። ታላቅ ወንድሙን ወይም እኅቱን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ ግን አይገባም እንላለን። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ የአእምሮ እድገት የተነገረውን ቃል ለእናቱ እንዲያደርስ ማድረግ ለእርሱም ሸክም ነው፤ ደግሞም እናቱ እንዳታዝን ብሎ የሚያስቀረው ነገር ይኖራል። «ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ» የሚል ወላጅም ቢሆን አስተርጓሚ ቢጠይቅ አያፍርበት። ገበያ ላይ የሚበቃ እንግሊዝኛ ለዚህ ሰነድ አይበቃም።

ፊርማውስ? ወላጅ ከመፈረሙ በፊት «ይህ ፊርማ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አንዱ ፊርማ በስብሰባው መገኘትን ብቻ ያመለክታል፤ ሌላው ስምምነትን ይገልጻል፤ አሠራሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በሁሉም ቦታ የጸና አንድ ነገር አለ፤ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የልዩ ትምህርት አገልግሎት እንዲጀምር የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የግድ ያስፈልጋል። «ወደ ቤት ወስጄ ላንብበው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እመልስላችኋለሁ» ማለት ነውር አይደለም። የዕቅዱን ቅጂ ያለ ክፍያ ማግኘትም መብት ነው። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታደሳል፤ ምዘናው በየሦስት ዓመቱ ይደገማል፤ ነገር ግን ወላጅ ነገሩ ካላማረው ዓመት ሳይጠብቅ ሌላ ስብሰባ እንዲጠራ መጠየቅ ይችላል። እነዚህን ወረቀቶች ሁሉ በቀናቸው ቅደም ተከተል በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ያ ማኅደር ነው።

አለመስማማት ቢፈጠር መንገዶች አሉ። በትምህርት ቤቱ ምዘና ያልተስማማ ወላጅ በሌላ ገለልተኛ ባለሙያ በመንግሥት ወጪ እንዲደገም መጠየቅ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱም ወጪውን ይሸፍናል፣ ወይም ምዘናው በቂ መሆኑን ለማስረዳት ወደ ክርክር ይሄዳል። ለግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ መጻፍም ይቻላል። ከዚህም ሌላ ለእኛ ሰዎች እንግዳ ያልሆነው የሽምግልና መንገድ አለ፤ ወጪውን ግዛቱ ይሸፍናል፣ ሁለቱም ወገን ሲፈቅዱ ብቻ ይካሄዳል። የመጨረሻው በገለልተኛ ዳኛ ፊት የሚደረግ ክርክር ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ልጁ በአብዛኛው ባለበት ክፍልና አገልግሎት ይቆያል። በየግዛቱ ወላጆችን የሚያሠለጥንና መረጃ የሚሰጥ በመንግሥት የሚደገፍ ማዕከል ስላለ፣ ጠበቃ ከመፈለግ በፊት ወደዚያ መደወል ይጠቅማል። መምህራኑን ሁሉ እንደ ባላጋራ ማየት ግን አይገባም። አብዛኞቹ ለልጁ የሚያዝኑና በሥራ ብዛት የደከሙ ሰዎች ናቸው፤ በጥንቃቄ የሚጠይቅ ወላጅ ሲያገኙ የሚደሰቱም አሉ።

ልጆቻቸውን በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። ልጁ በወላጆቹ ምርጫ በግል ትምህርት ቤት ሲማር የምዘና መብቱ ባይቀርም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ የሚያገኘውን አገልግሎት በሙሉ የማግኘት መብት በግሉ አይኖረውም። የትምህርት ወረዳው ለእንደዚህ ያሉ ልጆች የተወሰነ ገንዘብ ይመድባል፤ የሚዘጋጀውም ሰነድ የአገልግሎት ዕቅድ ይባላል፤ ይዘቱም ያነሰ ነው። ይህን ሳያውቁ ልጃቸውን አዛውረው የንግግር ድጋፉ ሲቀርበት የሚደነግጡ አሉ። ውሳኔው የወላጅ ነው፤ ነገር ግን ከመዛወሩ በፊት ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአገር ቤት ያሉ አንባብያን «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» ይሉ ይሆናል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የትምህርት ሚኒስቴርም በ2006 እና በ2012 የልዩ ፍላጎት ትምህርትን የሚመለከት ስትራቴጂ አውጥቷል። ሆኖም ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የዕቅዱ ዕጣ በአብዛኛው በአንድ መምህር ትጋት ላይ ይንጠለጠላል። ቢሆንም ከዚህ ትምህርት ያለ ገንዘብ ሊወሰድ የሚችል ነገር አለ። ወላጅና መምህር አብረው ተቀምጠው በአንድ ገጽ ደብተር ላይ «ልጁ አሁን ይህን ይችላል፤ እስከ ፋሲካ ይህን እንዲችል እንፈልጋለን፤ በትምህርት ቤት ይህ፣ በቤት ደግሞ ይህ ይደረግለታል» ብለው ቢጽፉና ቀኑ ሲደርስ ደግመው ቢያዩት ዕቅድ አላቸው ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ወንበር ማዛወር ብቻ ለብዙ ልጅ በር ከፍቷል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን የሚመለከተውን በመጨረሻ አስቀርተነዋል። የትምህርት ቤቱ ዕቅድ በቁምስና ውስጥ አያስገድድም፤ ሰነዱም የቤተሰቡ ምስጢር ስለሆነ መምህሩ «አሳዩኝ» ሊል አይገባውም። ነገር ግን ወላጆች ከፈቀዱ ስለ ማመቻቸት የሚናገረውን አንድ ገጽ ብቻ ቢያካፍሉት፣ መምህሩ ብዙ ወራት በመሞከር የሚደርስበትን ነገር በአንድ ቀን ያገኛል። ልጁ ረጅም ማብራሪያ የማይከተል ከሆነ በሥዕል ይማራል። የከበሮና የጸናጽል ድምፅ የሚያስጨንቀው ከሆነ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሲያስፈልገውም ከአባቱ ጋር ወጣ ብሎ ይመለሳል። አዲስ ነገር የሚያስፈራው ከሆነ ከመጀመሪያው ቁርባን በፊት ባሉት ሳምንታት ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይለማመዳል፤ ያልተባረከውን ኅብስትም አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ጣዕሙና አኳኋኑ በዕለቱ እንዳያስደነግጠው።

ጥያቄና መልሱን በቃሉ ስለማይወጣ ብቻ ልጁን ለሚቀጥለው ዓመት የሚያሳድሩ መምህራንም አሉ። የአሜሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት መመሪያ ከልጁ የሚጠበቀው የክርስቶስን ሥጋ ከተራ ምግብ መለየት መሆኑን ገልጸው፣ ይህንንም በቃል ሳይሆን በሁኔታው፣ በምልክት ወይም በአክብሮት ዝምታ ሊያሳይ እንደሚችል ጽፈዋል። ይህን የሚያውቅ መምህር በምዝገባው ዕለት ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ ለሁሉም እኩል፣ «ልጅዎ በምን መንገድ ሲነገረው ይበልጥ ይገባዋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በመዝገቡ ላይ ከስሙ አጠገብ ይጻፈው።